ንቁ የአርኤፍአይዲ ሪደር

ንቁ የአርኤፍአይዲ ሪደር የራሳቸው ባትሪ ያላቸው ታጎች በሬዲዮ የሚልኩትን መለያ ቁጥር ተቀብሎ በኮምፒውተር ኔትወርክ በኩል ወደ ሰርቨር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ተንቀሳቃሽ የሕክምና መሣሪያዎች የት ክፍል እንዳሉ ለማወቅ፣ በወደብ ኮንቴይነሮችን ለመከታተል፣ በመድኃኒት ማከማቻ የማቀዝቀዣ ሙቀትን ለመመዝገብ፣ በማዕድን ማውጫ ዋሻ ውስጥ ያሉ ሠራተኞችን ለመቁጠር ያገለግላል።

መሣሪያው በአንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች አሉት። አንዱ የሬዲዮ ተቀባይ፣ ሌላው ትንሽ የኔትወርክ ኮምፒውተር ነው። ብልሽቱን ለማግኘት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ጥምረት ነው። አንድ ታግ ከስክሪን ላይ ሲጠፋ ዕቃው ከክፍሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የታጉ ባትሪ አልቆ፣ የሪደሩ አንቴና ላልቶ፣ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ ወይም የሰርቨሩ ፕሮግራም ቆሞም ሊሆን ይችላል። አምስቱም ስክሪን ላይ የሚታዩት በአንድ መልክ፣ በዝምታ ነው። በዋሻ ውስጥ አደጋ ሲደርስ ግን «ማንም የለም» በሚለውና «አልሰማሁም» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ጥሩ ተከላ የሚባለው ታጎችን ከሩቅ መስማት የሚችለው ብቻ ሳይሆን፣ ዝምታው ከየት እንደመጣ ለይቶ የሚያሳውቀው ነው።

አሠራር

ባትሪ የሌለው ታግ ኃይሉን የሚያገኘው ከሪደሩ ከሚመጣው ሞገድ በመሆኑ የሚነበበው እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሳንቲሜትር እስከ 10 ሜትር ገደማ ባለ ርቀት ነው። ንቁ ታግ በራሱ ባትሪ ስለሚያስተላልፍ በሕንፃ ውስጥ በአሥሮች ሜትር፣ በገላጣ ሜዳ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ሊሰማ ይችላል። ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ባትሪውም አንድ ቀን ያልቃል።

ንቁ ታጎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ቢከን ይባላል፤ ማንም ሳይጠይቀው በየጥቂት ሴኮንዱ ቁጥሩን እየላከ መልሶ ይተኛል። ሁለተኛው ሪደሩ የማንቂያ ምልክት እስኪልክለት ድረስ ዝም ብሎ ይቆይና ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። በአብዛኛው በሕንፃ ውስጥ የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ቢከን ታጎች እርስ በርሳቸው አይደማመጡም። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከላኩ መልእክቶቻቸው ተጋጭተው ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ለምሳሌ 200 ታጎች በአንድ ሪደር ክልል ውስጥ ቢኖሩ፣ እያንዳንዱ በየ5 ሴኮንዱ 5 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅ መልእክት ቢልክ፣ አንድ መልእክት ሳይጋጭ የመድረስ ዕድሉ 67 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት መልእክት አንዱ ይጠፋል ማለት ነው፤ ይህም ምንም ብልሽት ሳይኖር ነው። ጊዜው ወደ 10 ሴኮንድ ቢራዘም የመድረስ ዕድሉ ወደ 82 በመቶ ከፍ ይላል። ታጎች በተደጋጋሚ እንዲልኩ ማድረግ የተሻለ ያሰማል የሚለው ግምት ትክክል የሚሆነው ታጎቹ ጥቂት ሲሆኑ ብቻ ነው።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይገኛል። አንድ መልእክት ስለቀረ ብቻ «ታጉ ጠፍቷል» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሶፍትዌር ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል። በመጀመሪያው ምሳሌ ሦስት ተከታታይ መልእክቶች በሙሉ የመጥፋት ዕድላቸው 4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ስድስት ተከታታይ መልእክቶች የመጥፋት ዕድላቸው ግን ከ1,000 አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው መጠበቂያ ጊዜ ከመላኪያው ጊዜ ስድስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በሐሰት የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች ድምፁን እንዲዘጉት ያደርጋል፤ የተዘጋ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሌለ አይሻልም።

ታሪክ

የሐሳቡ መነሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወዳጅ አውሮፕላንን ከጠላት ለመለየት የተሠራው የሬዲዮ መላሽ መሣሪያ ነው፤ አውሮፕላኑ የራዳሩን ጥያቄ ሲሰማ በራሱ ኃይል መልስ ይልክ ነበር። ንቁ ታጎች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ግን ከ1991 እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው። የአሜሪካ ጦር ወደ አካባቢው 40 ሺህ ገደማ ኮንቴይነሮችን አጓጉዞ፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ ለማወቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን መክፈት ግድ ሆኖበት ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የሳቪ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ታጎችን በኮንቴይነሮች ላይ ማሰር ጀመረ። የዚህ ዓይነቱ ታግ አነጋገር አይኤስኦ/አይኢሲ 18000-7 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይሁንና የብዙ አምራቾች ቢከን ታጎች እስካሁን የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የአንዱ ታግ በሌላው ሪደር አይነበብም። ይህ ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

የድግግሞሽ ምርጫ

የተለመዱት ድግግሞሾች 433 ሜጋኸርዝ፣ ከ860 እስከ 930 ሜጋኸርዝ ያለው ክልልና 2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው። የ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 69 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ዕቃ በተደረደረበት መጋዘን ውስጥ እንቅፋቶችን በተሻለ ዞሮ ያልፋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 12.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አንቴናው ትንሽ ይሆናል፤ ግን ውኃና የሰው አካል በቀላሉ ይውጡታል፤ ከዋይፋይ ጋርም ቦታ ይሻማል።

በኢትዮጵያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መካከለኛው ክልል ነው። በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ክፍት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓና የአረብ አገሮች በሚገኙበት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 1ኛ ክልል ግን ክፍት አይደለም። በዚህ ክልል ስልኮች ወደ ጣቢያ የሚያስተላልፉበት የ900 ጂኤስኤም ባንድ ከ890 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የ915 ሜጋኸርዝ ሪደር አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር ያመጣል፤ ስልኮች እሱን ያውኩታል፤ ታጎቹም የስልክ ኔትወርኩን ሊያውኩ ይችላሉ። ከ433.05 እስከ 434.79 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ግን በ1ኛው ክልል ለኢንዱስትሪና ለመሰል አገልግሎት የተመደበ ነው። በአገር ውስጥ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና የመሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት እዚያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተከላ

ሪደሩ ጣሪያ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ አድራሻ ተሰጥቶት፣ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ መሞከር አለበት። በጀርባው ያለው መለጠፊያ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ የማክ አድራሻውና የመለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ስላሉ፣ ኋላ መሰላል ተሸክሞ ከመመለስ ያድናል።

ብዙ ሪደሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በ192.168 የሚጀምር ቋሚ የአይፒ አድራሻ ተሰጥቷቸዋል። ለምሳሌ የሪደሩ አድራሻ 192.168.1.200 ከሆነ፣ በገመድ የሚገናኘው ላፕቶፕ በዚያው ክልል ሌላ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ሳብኔት ማስኩ ደግሞ 255.255.255.0 ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የላፕቶፑን ዋይፋይ ማጥፋት ይገባል። የቢሮው ዋይፋይም 192.168.1 ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሪደሩን በገመዱ ሳይሆን በአየር ሲፈልግ ቆይቶ «አልተገኘም» ይላል፤ ተካዩም ደህናውን ሪደር «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ለሪደሩ የማይለዋወጥ አድራሻ መስጠት ያስፈልጋል። ይህም ሪደሩ ውስጥ በመጻፍ ወይም በራውተሩ ላይ ለማክ አድራሻው አንድ ቁጥር በማስያዝ ይሆናል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሁሉም አድራሻ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ሌላ ሰው ሳያውቅ ያንኑ ቁጥር ለፕሪንተር አይሰጠውም።

የግንኙነቱ አቅጣጫም መወሰን አለበት። ሪደሩ ራሱ ወደ ሰርቨሩ ሊደውል፣ ሰርቨሩ ወደ ሪደሩ ሊደውል ወይም ሪደሩ ያለ ግንኙነት በዩዲፒ መልእክት ሊረጭ ይችላል። ዩዲፒ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ ይድረስ አይድረስ ላኪው አያውቅም። በቲሲፒ ሪደሩ ወደ ሰርቨሩ እንዲደውል ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በፋየርዎል በኩል የሚከፈተው የሰርቨሩ አንድ ፖርት ብቻ ይሆናልና።

ኃይልን በተመለከተ በኔትወርክ ገመዱ በራሱ መመገብ፣ ማለትም ፓወር ኦቨር ኢተርኔት፣ ተጨማሪ ሶኬት ከመፈለግ ያድናል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው 802.3ኤኤፍ ደረጃ ከስዊቹ በኩል እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ ለመሣሪያው የሚደርሰው 12.95 ዋት ነው፤ የገመዱም ርዝመት ከ100 ሜትር አይበልጥም። ከመግጠም በፊት የሪደሩ መግለጫ ይህንኑ ደረጃ መጥቀሱ ይረጋገጥ። አንዳንድ ርካሽ አስማሚዎች መሣሪያውን ሳይጠይቁ 24 ቮልት በቀጥታ ይለቃሉ፤ ይህ ለዚያ ያልተሠራ ሪደርን ሊያቃጥል ይችላል።

አንቴናው ከብረት ቢያንስ የሞገዱን ሩብ ያህል፣ በ433 ሜጋኸርዝ 17 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ይራቅ። የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መደርደሪያ ሞገዱን ያንጸባርቃሉ፤ የተንጸባረቀው ከዋናው ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይሻሻራሉ። በአንድ መደርደሪያ ላይ የማይሰማ ታግ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ገፋ ሲደረግ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። አንቴናውን በረጅም ኬብል ከሪደሩ ማራቅ ደግሞ አይመከርም። አርጂ-58 የተባለው ቀጭን ኬብል በ10 ሜትር ርዝመት በ433 ሜጋኸርዝ ከ3 ዴሲቤል በላይ ያጠፋል፤ ይህም ከግማሽ በላይ ኃይል ነው። የኔትወርክ ገመዱን ማስረዘምና ሪደሩን ወደ ታጎቹ ማቅረብ ይሻላል።

የማጣቀሻ ታግና የ«አለሁ» መልእክት

በተከላው መጨረሻ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ፤ ወጪያቸው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። የመጀመሪያው፣ ሪደሩ ታግ ባይሰማም እንኳ በየደቂቃው «አለሁ» የሚል መልእክት እንዲልክ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ሪደር አቅራቢያ ግድግዳ ላይ የማይነቀሳቀስ አንድ የማጣቀሻ ታግ መስቀል ነው።

በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ዝምታው ይከፋፈላል። «አለሁ» ካልመጣ ችግሩ ኃይል፣ ኔትወርክ ወይም ሰርቨር ነው። «አለሁ» እየመጣ የማጣቀሻ ታጉ ካልተሰማ ችግሩ ሬዲዮው ነው፤ የማጣቀሻው ባትሪም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ደህና ሆነው አንድ ታግ ብቻ ከጠፋ ነገሩ የዚያ ታግ ወይም የዕቃው ነው። የማጣቀሻ ታጉ ግን ሪደሩ ላይ መለጠፍ የለበትም። በጣም ከቀረበ አንቴናው ቢነቀልም ይሰማልና፤ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይሰቀልና የሲግናሉ ጥንካሬ በተተከለበት ቀን ይመዝገብ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ካልተንቀሳቀሰ ታግ ላይ የታየ የ12 ዴሲቤል መውረድ ሪደሩ ከቀድሞ የመስማት ርቀቱ ሩብ ያህሉን ብቻ ይዞ እንደቀረ ያመለክታል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ገና አረንጓዴ ነው።

ብልሽት ፍለጋ

በኔትወርክ በኩል። መጀመሪያ የሚታየው የኔትወርክ ሶኬቱ መብራት ነው፤ ካልበራ ገመድ፣ ስዊች ወይም ኃይል ይፈተሻል። በርቶ ሪደሩ ለፒንግ የማይመልስ ከሆነ አድራሻው ይታይ። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ መሣሪያው አድራሻ ጠይቆ መልስ እንዳጣና ለራሱ እንደሰጠ ይናገራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይህ የተለመደ ነው፤ ሪደሩ በጥቂት ሴኮንድ ይነሳል፤ አድራሻ የሚያድለው ራውተር ግን ገና እየተነሳ ነው። ራውተሩንና ስዊቹን በዩፒኤስ ላይ ማድረግ ወይም ቋሚ አድራሻን ሪደሩ ውስጥ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ለፒንግ አንዴ የሚመልስ አንዴ የማይመልስ ሪደር ብዙውን ጊዜ አድራሻውን ከሌላ መሣሪያ ጋር የተጋራ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የሪደሩ ገመድ ተነቅሎ ፒንግ ሲደረግ መልስ ከመጣ ሌላ ባለቤት አለ።

ፒንግ እየመለሰ መረጃ ካልመጣ ወደ ፖርቱ ይኬዳል። ብዙ ሪደሮች በአንድ ጊዜ አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ብቻ ይቀበላሉ። አንድ ባለሙያ የማስተካከያ ፕሮግራሙን በላፕቶፑ ከፍቶ ምሳ ቢወጣ ዋናው ሰርቨር እስኪመለስ ድረስ አይገባም። ሌላው ድብቅ ችግር ሰርቨሩ በድንገት ጠፍቶ ሲነሳ የሚፈጠር ነው። ሪደሩ የሚልከው ነገር ከሌለው አሮጌው ግንኙነት እንዳለ ያስባል፤ አዲሱ ሰርቨር ግን ስለ እሱ አያውቅም። ቲሲፒ እንዲህ ያለውን የሞተ ግንኙነት የሚፈትሽበት ጊዜ በዊንዶውስም በሊኑክስም ካልተቀየረ 2 ሰዓት ነው፤ ያውም ፍተሻው ከበራ። የየደቂቃው «አለሁ» መልእክት ይህንንም ቶሎ ያጋልጣል። የመጣው መረጃ ትርጉም የለሽ ምልክት ከሆነ ደግሞ በሪደሩ ውስጥ በሬዲዮው ሰሌዳና በኔትወርክ ሞጁሉ መካከል ያለው የሲሪያል ፍጥነት አለመጣጣሙ መጀመሪያ ይጠረጠራል።

በሬዲዮ በኩል። ታጎችን የሚሰማው ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ብቻ የሆነ አዲስ ሪደር አንቴናው ቢታሰርም ያልተገናኘ ሊሆን ይችላል። ኤስኤምኤ እና አርፒ-ኤስኤምኤ የሚባሉት ኮኔክተሮች ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ ነገር ግን በመሃል ያለው መርፌ በሁለቱም በኩል ይጎድላል ወይም በሁለቱም በኩል ይኖራል። ፈትቶ ማየት ብቻ ይበቃል፤ በአንዱ መርፌ፣ በሌላው ቀዳዳ መኖር አለበት።

ቀድሞ ይሰማ የነበረ ሪደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከደከመ በአካባቢው አዲስ ነገር ይፈለግ። 433 ሜጋኸርዝን የመኪና ቁልፎች፣ የበር ደወሎችና የግቢ በር ሪሞቶች ይጋሩታል። ጥራት የሌላቸው የኤልኢዲ መብራቶችና የባትሪ መሙያዎችም ሰፊ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣሉ። ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ የማጣቀሻ ታጉን መከታተል ከማንኛውም ውድ መለኪያ በፊት መሞከር ያለበት ነው።

የታግ ቦታ እየተዛባ ሲታይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብልሽት የለም። ሪደሩ «ሰማሁ» ይላል እንጂ «እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» አይልም። በላይኛው ፎቅ ያለው ሪደር በመስኮት በኩል የታችኛውን ታግ ከጎረቤቱ ሪደር አስበልጦ ሊሰማ ይችላል። የክፍል ደረጃ እርግጠኝነት ከተፈለገ በበሩ ላይ በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራ አጭር ርቀት ቀስቃሽ ተጨምሮ፣ ታጉ የዚያን በር ቁጥር ከራሱ ጋር እንዲልክ ይደረጋል፤ ይህም ያን አገልግሎት የሚደግፍ ታግ ይጠይቃል።

ባትሪ። ሲአር2032 የተባለው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ 220 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ይይዛል። በሚልክበት 5 ሚሊሴኮንድ 15 ሚሊአምፒር፣ ሲተኛ 2 ማይክሮአምፒር የሚወስድ ታግ በየ5 ሴኮንዱ ቢልክ በአማካይ 17 ማይክሮአምፒር ይጠቀማል፤ በስሌት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል። በየ10 ሴኮንዱ ቢልክ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል። በተግባር ያንሳል፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ብዙም ስለማይወርድ «ባትሪ ደህና ነው» የሚል ምልክት ብዙ ዋስትና አይሰጥም። በአንድ ቀን የተገዙ ታጎች በተቀራረበ ጊዜ ያልቃሉና፣ የባትሪ መቀየሪያ ቀን በቀን መቁጠሪያ መያዝ አለበት።

ሰዓት

ብዙ ሪደሮች ሰዓት የሚጠብቅ ውስጣዊ ባትሪ የላቸውም። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምረው ሊቆጥሩ ይችላሉ። ሰርቨሩ የሪደሩን ሰዓት ካመነ መረጃው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት እንደደረሰ ተቆጥሮ ከዛሬው ዝርዝር ይወጣል፤ ተጠቃሚው ደግሞ ታጎቹ ጠፉ ይላል። መፍትሔው ለሪደሩ በግቢው ውስጥ የኤንቲፒ ሰዓት አገልግሎት አድራሻ መስጠት፣ በተጨማሪም ሰርቨሩ መልእክቱ የደረሰበትን የራሱን ሰዓት እንዲመዘግብ ማድረግ ነው።

መረጃው በዩቲሲ ተቀምጦ ሲታይ ብቻ ወደ አገር ሰዓት ይቀየር። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በልማድ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት የሚባለው በዓለም አቀፉ ዜሮ ሰዓት ነው። አንዱ ፕሮግራም ሦስቱን ሰዓት፣ ሌላው ስድስቱን ሰዓት ከጨመረ፣ ዘበኛው በመዝገብ የጻፈውና ሪደሩ የያዘው የመውጫ ሰዓት በፍጹም አይገጥሙም።

ጥበቃና ግላዊነት

አብዛኞቹ ርካሽ ቢከን ታጎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያመሰጥሩ ስለሚልኩ ተመሳሳይ ሪደር ያለው ማንኛውም ሰው ሊሰማቸውና አስመስሎ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ታጉ የዕቃን መኖር ለመከታተል ይሆናል እንጂ ብቻውን የበር ቁልፍ መሆን የለበትም። ሪደሩ ከቢሮ ኮምፒውተሮች በተለየ የኔትወርክ ክፍል ይቀመጣል፤ የፋብሪካው የይለፍ ቃልም በተከላው ቀን ይቀየራል። ታጉ በሰው ላይ ሲታሰር፣ ለምሳሌ በሠራተኛ ወይም በሕመምተኛ ላይ፣ የሚሰበሰበው የዚያ ሰው የእንቅስቃሴ መዝገብ ስለሆነ በኢትዮጵያ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥር ይወድቃል።